ሲስተሙ ሳይቆም

«ሲስተም የለም» የሚለውን ንግግር የሚወድ ሰው አላውቅም። ባንክ ሄደን፣ ወረዳ ሄደን፣ ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ በመስኮቱ ቀዳዳ ይወረወርብናል። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ የምፈራው ነኝ። የምሠራው መካኒሳ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ሐኪም የሚያዘው ሁሉ፣ መድኃኒቱም ምርመራውም ደሙም፣ ወደየክፍሉ የሚደርሰው እኔና ባልደረባዬ በምንጠብቀው ሲስተም በኩል ነው። ባንክ ቤት ሲስተም ሲጠፋ ሰው ተሳድቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ጋ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልወድም።

ያን ክረምት ሰርቨራችን አርጅቶ ማቃሰት ጀመረ፤ አዲስ ተገዛ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ግን፣ «ስትቀይሩት ለአፍታም እንዳይቆም» አሉን። አፍ ዳገት አይፈራም! ሥራው በሐምሌ ዝናብ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ተኝቶ እያለ፣ የቤት ቆርቆሮ እንደ መቀየር ነው። በየተራ አንድ ክፍል እንይዛለን፤ አሮጌው ከዚያ ክፍል አዲስ ትዕዛዝ እንዳይቀበል እናደርጋለን፤ የጀመረውን እስኪጨርስ እንጠብቃለን፤ ከዚያ አዲሱ ይረከባል። ነፍሴን የምታወጣው መሃል ላይ ያለችው ጊዜ ናት። ከአሮጌው ወጥቶ አዲሱ ጋ ያልደረሰ ትዕዛዝ የማን ነው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ፤ እኛ ግን ወጥተን ነበር።

ሌሊት ይሠራ ያሉም ነበሩ። እምቢ አልኩ። ሌሊት ነገሩ ቢበላሽ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ሰው ከየት ይመጣል?

ፋርማሲውና ላቦራቶሪው በነሐሴ በሰላም ተሻገሩ። የቀረው የደም ማስቀመጫው ነበር። የዚያ ክፍል ኃላፊ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ካልተጻፈ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ግትር ሰው ነው፤ ሌላው ክፍል ሁሉ የሚጠቀመው በፈረንጁ ነው። ለእሱ ሲባል ብቻ ቀኑን ወደ እኛ የሚለውጥ ነገር ጨመርንበት። በነሐሴ ደጋግመን ሞከርነው፣ ሠራ። ያዛወርነው ግን ጳጉሜ ከገባ በኋላ ነው። በዕለቱ የሙከራ ትዕዛዝ አልላክንም። በሽተኛ በሞላበት ሆስፒታል ለሌለ ሰው ደም አይታዘዝማ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጎረቤቴን ምጥ ያዛት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ያለው ቤት ነው የምትኖረው፤ እኔ ስታመም አጥሚት ይዛ ደረጃ የምትወርድልኝ እሷ ናት። «የትም አትሂጂ፣ እኛ ጋ ነይ፣ እኔ አለሁ» ብዬ በራይድ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ማዋለጃ ክፍል አስገብቻት ወደ ሥራዬ ወጣሁ።

የደሙን ክፍል አዛውረን እፎይ ብለን ሻይ ልጠጣ ስወርድ አማቷን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ወለደች እማማ?»

«ወልዳለች፣ ወንድ ነው። ደሟ ግን አልቆም አለ ልጄ። ደም አዘናል፣ ይመጣል ይሉኛል፤ የታለ? ሩፋኤል ይድረስላት እንጂ!»

ማዋለጃ ክፍሉ ገባሁ። አዋላጇ ነርስ ስክሪኗን አሳየችኝ። «ተልኳል» ይላል። ስለዚህ እያዘጋጁት ነው ብላ ትጠብቃለች፤ ምን ታድርግ? ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የጎረቤቴን ስም ጻፍኩና ፈለግኩ። ትዕዛዟ አዲሱ ሰርቨር ውስጥ ተቀምጧል። አልተላከም፣ አልተመለሰም፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ባልደረባዬ በትከሻዬ በኩል አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «ጳጉሜን አያውቃትም!»

ቀኑን እንዲለውጥ የጨመርነው ነገር የወሮቹን ስም የወሰደው ከደሞዝ ክፍሉ ፕሮግራም ነበር። ጳጉሜ ደግሞ ደሞዝ የላትም፤ ቀኑን መጻፍ ሲያቅተው ትዕዛዙን ይዞት ቀረ። በአሥራ ሦስት ወር አገር ተወልደን፣ በአሥራ ሁለት ወር ደሞዝ ኖረን፣ ወሩ አሥራ ሁለት መሆኑ ለሁለታችንም ልክ መስሎን አለፈ።

«እናጥፋውና ወደ አሮጌው እንመልሰው» አለ።

«እንዳትነካው!» ጮህኩበት። በዚያች ደቂቃ ከድንገተኛ፣ ከሕፃናት፣ ከየክፍሉ ትዕዛዝ እየገባ ነው። ብናጠፋው እንደ እሷ መንገድ ላይ የሚቀረው ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? የትዕዛዟን ወረቀት አትሜ እጁ ላይ አደረግኩለት። «ሩጥ። ለኃላፊው እጁ ላይ ስጠው፣ ደሙን ሳትይዝ እንዳትመለስ።»

ብቻዬን ቀረሁ። ጳጉሜን ማስገባት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ግን ሲስተሙ እየሠራ፣ በተከፈተ ልብ ላይ ነው የምጽፈው። አንዲት ፊደል ብሳሳት ሁሉንም እጥለዋለሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከላይ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት።

ሲስተሙ አልቆመም፤ ተይዞ የነበረውም ትዕዛዝ ተለቀቀ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ባልደረባዬ ነው። «ተሰክቶላታል፣ ደሙ እየገባላት ነው» አለኝ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ትዕዛዟ በድጋሚ እንዳይሄድ ልሰርዘው ስገባ፣ የተለቀቁት ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። ከእሷ በፊት ሌላ ነበር። ከቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የአንድ ሽማግሌ። እሷን ስፈልግ በስሟ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አላየሁም። ባልደረባዬም ይዞ የሮጠው የእሷን ወረቀት ብቻ ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሮጥኩ። ስደርስ ነርሱ የደሙን ከረጢት እየሰቀለ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከድነዋል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እስካይ ድረስ እኔም አልተነፈስኩም። አጠገባቸው ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠች ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆየባችሁ አይደል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይደል። ከወልቂጤ ነው የመጣነው፣ እዚህ ሰው የለንም። ሰው ያለው ይቀድማል ብዬ ዝም አልኩ።» ደረቴ ላይ የሆስፒታሉን ባጅ አየችና ተነስታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ ነሽ ያስመጣሽልን? እግዜር ያክብርሽ እህቴ። እንግዲህ እኛም ሰው አገኘን።»