ጀሪካኑና የበረዶው ሣጥን

ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ለሙከራ ብቻ ከናዝሬት አርሲ ነገሌ ደርሶ መመለስ ቅንጦት ነበር። የክሊኒካችን ነርስ ግን አስፈቀደች። ባለፈው ወር የኩፍኝ ክትባቱ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሽቶባት፣ ልጆቻቸውን አዝለው የጠበቋትን እናቶች እንዲሁ መልሳቸዋለች። ዳግም ከተበላሸ የነገሌው ጉዞ እንደሚቀር አለቃችን ነግሯታል።

ስለዚህ በዚያን ቀን የክትባት ማጓጓዣው ሣጥን ውስጥ የነበረው በረዶ ብቻ ነው። እኔ የክሊኒኩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ቴርሞሜትር አንባቢ ተብዬ ተሳፈርኩ።

በዚያ መንገድ ሾፌር ሁሉ የመጠጥ ውሃውን ጀሪካን በጆንያ ጠቅልሎ ከመኪናው ጎን ያንጠለጥላል፤ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ለውሃ የበጀ ለክትባትም ይበጃል ብለን ሣጥኑን እንደ ወትሮው ውጭ፣ ፀሐይ በማታገኘው ጎን፣ ከመስኮቴ አጠገብ አሰርነው። አንዱን ቴርሞሜትር ከሣጥኑ የውጭ ሽፋን ሥር፣ ሌላውን ግድግዳው ውስጥ ጠለቅ አድርገን ሰካን። ሙቀት ሲገባ በዓይን አይታይም፤ የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ግን ያሳብቅበታል። ሲራራቁ ብዙ እየገባ ነው፤ ሲቀራረቡ ጥቂት።

«ጓድ ገጣሚ፣ አንገትህን አስገባ! ግራር ይወስደዋል» ይሉኛል ሾፌሩ።

ከሞጆ ወጥተን ስንፈጥን ሁለቱ ተራራቁ። ዓለም ጤና ከተማ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመን፣ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጋር በኦሮምኛ «አካም» እያልን ሰላም ስንባባል ቀስ እያሉ ተቀራረቡ። እንደገና ስንነዳ እንደገና ተራራቁ።

«ሙቀቱን የሚያስገባው ነፋሱ ነው» አልኩ።

«ነፋስ ደግሞ መቼ ያሞቃል? የእኔስ ውሃ?»

«የእርስዎ ጆንያ እርጥብ ነው፣ ጋሼ፤ ነፋሱ የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱን ሲያደርቅ ነው።»

ነርሷ ግንባሯን መታች። «ቁሙ! ደረቅ ሣጥን ይዘን ለትኩስ አየር ስናስልሰው ነው የከረምነው!»

ሾፌሩ መኪናውን አቁመው ወረዱ። ጆንያውን ከጀሪካኑ ገፈው ሣጥኑን አለበሱት፤ የመጠጥ ውሃቸውንም አፈሰሱበት።

«እኔ ልጠማ፣ እሱ ይጠጣ» አሉ።

ከመቂ በኋላ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ እየበረረ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም። ዝዋይ ስንደርስ ጆንያው ደርቆ መራራቅ ጀምረው ነበር፤ ውሃ ለምነን አራስነው። ከዚያ ወዲያ በየከተማው እየቆምን አጠጣነው።

ነገሌ ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ነርሷን አየቻትና ፊቷን አዞረች። ባለፈው ወር ከተመለሱት እናቶች አንዷ ነበረች።

«ዛሬም ሞቀ ልትይኝ ነው?»

ነርሷ ሣጥኑን ከፍታ፣ ሳይቀልጥ የደረሰ የበረዶ ቁራጭ አነሳችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። ሴትዮዋ «እእእ!» ብላ እጇን ልታራግፍ አለችና ተወችው፤ ወደ ኋላዋ ዞራ የልጇን ጉንጭ አስነካችው። ልጁ ጮኸ።

«ቅዳሜ አምጪው» አለቻት ነርሷ።

«እመጣለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ ውሃው በክንዷ እየወረደ።

ሾፌሩ ከኋላችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን ነው የምጭነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ!»