ሰጋቱራ አይቆጥርም

ባለፈው ቅዳሜ አናጢ መጥቶ የወጥ ቤቴን መደርደሪያ ሲሠራልኝ ዋለ። ሲሄድ ወለሉን ልጥረግ ብዬ ጎንበስ ስል የሰጋቱራው ሽታ ሰተት ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የጽድ ነው። መጥረጊያውን እንደያዝኩ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ትልቅ ሰው ያስለቅሳል ቢሉኝ፣ ወዲያ ሂዱልኝ እል ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ያደግኩት ቀራንዮ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊታችን አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። በእሳቸውና በእናቴ መሃል ደግሞ አንድ ምድጃ ነበር። ምድጃ ከተባለ፤ ከታች በኩል የተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ነው። የሚነደው ሰጋቱራ ነው። እሱን ከሰፈሩ አናጢዎች በጆንያ እናመጣለን፤ ዋጋው ምርቃት ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አይምሰላችሁ። ቆርቆሮው መሃል ጠርሙስ ይቆማል፤ ዙሪያውን ሰጋቱራ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ከዚያ ጠርሙሱን አዞር አዞር አድርጎ ቀስ ብሎ መምዘዝ ነው። እናቴ ስትመዝ ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔም እይዛለሁ። ቀዳዳው ከፈረሰ የዚያን ቀን ምሳችን ጭስ ነው። ካልፈረሰ ከሥር ይለኮሳል፤ እሳቱ ከውስጥ ዝም ብሎ እም እም እያለ ይበላል።

ይህ ምድጃ ታዲያ አንድ አመል ነበረው፤ አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያ የለውም። ወጥሽ ደረሰ አልደረሰ ደንታው አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ያን ሁሉ እሳት ለእናትና ልጅ ድስት መለኮስ ግፍ ነው። ስለዚህ ተራ ገቡ፤ ዛሬ እናቴ ከለኮሰች ነገ እትዬ። የለኮሰችው አብስላ ስትጨርስ ግቢው እስኪሰማ ትጣራለች፦

«ጎረቤት! ኧረ እሳቱ ሜዳ ላይ ቀረ! ድስትሽን ይዘሽ ነይ!»

ድስቱ ለየብቻ ነው፤ ሥጋ አንበላላም። እሳቱ ግን አንድ ነበር። በጾም የእትዬ ሥጋ ቁሌት ሲሸት እኔ ከምድጃው ጎን አልነቀልም። «አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽን አስገደፍሽው!» ትለኛለች እናቴ። እትዬ ሳቅ ከጀመሩ ቶሎ አያቆሙም፤ ሆዳቸውን ይዘው ነው። በረመዳን ደግሞ እናቴ በጠዋት አብስላ ምድጃውን ትለቅላቸዋለች፤ እስከ ማፍጠሪያ የእሳቸው ነው።

እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ቁጭ የምትል ሴት አልነበረችም። ወሬ የምታወራው በዚያ ምድጃ ሰበብ ብቻ ነው። ድስቱ እስኪበስል ሁለቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ድምጿ ሌላ ይሆን ነበር፣ የልጅ ድምፅ።

ከዚያ እቁብ ደረሳትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች። ከጦር ኃይሎች በታክሲ ጭኜ አቅፌ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ነጭ፣ መሃሏ ላይ ጥቁር ክብ ብረት ያላት። ጭስ የለ፣ ጥቅጠቃ የለ፤ ስትፈልጊ ታበሪያለሽ፣ ስትፈልጊ ታጠፊያለሽ። የሠለጠንን መሰለኝ።

በማግስቱ የእትዬ ተራ ነበር። ሲጣሩ እናቴ «ዛሬስ አብስያለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ አብስላለች። በሌላ ቀንም እንደዚያው አለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ መጣራት ተዉ። ሰላምታ አልቀረም፣ «እንዴት አደርሽ» አልቀረም፤ በርጩማዎቹ ግን ወደየቤታቸው ገቡ።

እናቴ የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ጀመረች። ወጡን ካወረደች በኋላ ምድጃዋን አታጠፋም። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና ባዶው ብረት ፊት ትቀመጣለች።

«እማዬ፣ ቆጣሪው እየዞረ ነው እኮ!»

«ይዙር።»

ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ «ለሁለት ሰው ይህን ሁሉ ምን ትቀቅላላችሁ?» ብሎ ይገረማል። እናቴ ሂሳቡን ተቀብላ ሄዳ ትከፍላለች። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና «እትዬን ከሆነ የምትጠብቂው፣ ለምን አትጠሪያቸውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ነይ ኤሌክትሪኬን እዪልኝ ልበላት? ጉራ ይሆንብኛል። በሬ ክፍት ነው፣ ትምጣ።»

አልመጡም። ግቢው ፈረሰ፤ እኛ ቤቴል ፎቅ ላይ ተከራየን፣ እትዬ ልጃቸው ጋ ገቡ። እናቴ ያቺኑ ምድጃ ይዛ መጣች፣ በሩን መክፈትም አልተወችም። ካቻምና አረፈች።

በሠልስቱ እትዬ የደረጃውን ብረት እየያዙ፣ እያረፉ፣ ሽቅብ መጡ። አልቅሰው አልቅሰው ሲበቃቸው «ወጥ ቤቱ የት ነው?» አሉኝ። ውኃ የጠማቸው መስሎኝ ይዣቸው ገባሁ። ምድጃዋን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥጓ ተልጧል፣ ብረቷ ዝጓል።

«እናትሽን የወሰደችብኝ ይቺ ናት?»

«ታዲያ ለምን ቀሩ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ሰጋቱራ አይቆጥርም፣ የኔ ልጅ። ይኼ ይቆጥራል። ለብቻዋ ልጅ በምታሳድግ ሴት ላይ ድስቴን ጥጄ ላስቆጥርባት? ወላሂ፣ አንድ ቀን ብትጠራኝ ግን እመጣ ነበር።»

«እኮ ምድጃውን ሳታጠፋ፣ በሩን ከፍታ ትጠብቅዎት ነበር።»

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ባዶውን?»

«ባዶውን።»

ለለቀስተኛ ሻይ አፍልቼበት ገና ማጥፋቴ ነበር። መዳፋቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ። «ጠፍቶም አይበርድም እንዴ?» አሉ። ቶሎ አይበርድም አልኳቸው። በርጩማ አቀረብኩላቸው፣ አልፈለጉም። መዳፋቸውን እንደዘረጉ፣ ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ቆሙ።

አሁን እሳቸውም የሉም። የቅዳሜውን ሰጋቱራ በፌስታል አድርጌ ከበሩ ኋላ አስቀምጬዋለሁ፤ የምለኩስበት ቆርቆሮ የለኝም፣ ግን መጣሉ አላስቻለኝም። ዛሬ ሻይ አፍልቼ ሳበቃ የእናቴን ምድጃ አላጠፋሁም። የቆጣሪው ካርድ ሊያልቅ ነው፤ ይለቅ። በሩን ከፈትኩት። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ትኖራለች፤ ቁልፏ ሲንኳኳ ብቻ ነው የማውቃት። በር መክፈት ብቻውን እንደማይበቃ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ጎረቤት!» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ገጠምኩት። ምድጃውን አጠፋሁትና ብረቱ እስኪበርድ ጎኑ ቆምኩ።