መታጠፊያው ላይ የተጣለ ቅጠል

«መኪና ለማቅለል የኋላ ወንበር ይነቀላል» ያለኝ ጎረምሳ ከቦንጋ ጂማ አንድ ቀን እንኳ ነድቶ አያውቅም። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «ክብደት ጠላትህ ነው፣ ብሮ» አለኝ። ለመንጃ ፈቃድ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ብሮ ይለኛል። ንቄው ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ወንበሩን ነቀልኩት።

ውድድር ያሉትን ነገር ልንገራችሁ። ከሺሺንዳ ወዲህ አንድ ተቋራጭ አፈር ሲያወጣበት ቆይቶ ጥሎት የሄደ ጉብታ አለ፤ ዙሪያውን ጠጠር መንገድ ይዞረዋል። ጥቂት የቡና ነጋዴ ልጆች ይህን «ትራክ» አሉት፣ ባነር ሰቀሉ፣ ስፒከር አመጡ፣ በቃ። መኪኖች በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ እየተለቀቁ ጉብታውን ሦስቴ ይዞራሉ፤ ባጭር ሰዓት የጨረሰ ያሸንፋል። ከነዚህ ልጆች ወደኋላ ነድቶ በወጉ መኪና ማቆም የሚችል አንድ የለም። አስተማሪያቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ ካላችሁኝ፣ በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። እሷም ተማሪዬ ነበረች። ከደካ መጥታ ሦስት ዓመት የሰው ሚኒባስ ስትነዳ ቆየች፤ ባለቤቱ ሚኒባሱን ሸጠውና ሥራ ፈታች። በዚያው ሰሞን የማሠልጠኛችን ባለቤት ሁለተኛ አስተማሪ ፈልጎ እሷ አመለከተች። ይህ ካመለጣት ደካ ተመልሳ ወንድሟ ቤት መቀመጥ ነው የሚጠብቃት። ባለቤቱ አስተያየቴን ሲጠይቀኝ «ፈሪ ናት» አልኩት። ሰው ኖረም አልኖረም በየመታጠፊያው ክላክስ ታደርጋለች። እርግጥ በዚህ ጉም ባለበት አገር መታጠፊያ ላይ ክላክስ አድርጊ ያልኳት ራሴ ነኝ። ግን ሰው የተነገረውን ያን ያህል ቃል በቃል ሲይዘው ያናድደኛል።

ቦንጋ ውስጥ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። በማግስቱ በር ላይ ጠብቃ «ጋሼ፣ ፈሪ ናት ብለዋል አሉ» አለችኝ። አይኗን ሳትሰብር ነው የጠየቀችኝ።

«ፈሪ ለናቱ ይባል የለ» አልኳት። «እሁድ ሺሺንዳ ውድድሩ ላይ ነይ፣ እኔም እነዳለሁ፣ ባለቤቱም ይመጣል፤ እዚያ እናይሻለን።»

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መኪናዬን ሳራቁት ዋልኩ። ወንበሩ ወጣ፣ ምንጣፉ ወጣ፣ ተቀያሪ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ለብልሽት ጊዜ መንገድ ላይ የሚቆመው ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ሁሉ ወጣ። እናቴ በረንዳ ላይ ያኖርኩት የመኪናው ወንበር ላይ ተደላድላ ታየኛለች።

«ይሄ ሁሉ ወጥቶ ውስጡ ምን ቀረ?»

«እኔ።»

«ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው እኮ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ዘነበ፤ መንገዱ ላቆጠ። ልጅቱ ከዘመድ በተዋሰችው ትንሽ መኪና መጣች፣ ወንበሩ ሙሉ፣ ተቀያሪ ጎማው በቦታው። አጠገቧ ቆሜ ሳቅሁባት። ከሷ በፊት የምለቀቀው እኔ ነበርኩ፣ ከሷ በኋላ ደግሞ ባለመነጽሩ።

የመጀመሪያውን ዙር ጥሩ ነዳሁ። በሁለተኛው፣ ሕዝቡ በማያይበት በጉብታው ጀርባ ስታጠፍ፣ የቀለለው የመኪናዬ ኋላ ሸርተት ብሎ ዞረና አንዱ ጎማ ቦይ ገባ። መኪናው መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ክሪኩ ቤት ነው። እዚያ ቆሞ ባንዲራ እንዲያውለበልብ የተመደበው ሰውዬ ስፒከሩ ጋ ሄዶ ይጨፍራል።

ለማንም ተማሪ መጀመሪያ የምነግረው ነገር አለ፤ መኪና መንገድ ላይ ከቆመብህ ቅጠል ቆርጠህ፣ ወደኋላ ራቅ ብለህ፣ መንገዱ ላይ ጣል። ቅጠል ያየ ሾፌር ሁሉ ፍጥነት ይቀንሳል። እኔ አልጣልኩም። ቅጠል መጣል አስተማሪው ቦይ ገባ ብሎ ማወጅ ነው፤ አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ አወጣዋለሁ ብዬ ከኋላ ሆኜ በትከሻዬ መግፋት ጀመርኩ። የደረቅ ነገር እንዲህ ነው።

ከመታጠፊያው ወዲያ ረጅም ክላክስ ሰማሁ። ሕዝቡ ሲስቅባት በሩቁ ይሰማኛል። ባዶ ትራክ ላይ ክላክስ የምታደርግ እሷ ብቻ ናት። ዘልዬ ከመንገዱ ወጣሁ። ቀስ ብላ ታጠፈች፣ አየችኝ፣ መኪናዋን ጥግ አስይዛ ወረደች።

«ሂጂ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቅጠሉስ?» አለች።

መልሴን ሳትጠብቅ ከቁጥቋጦው ቅርንጫፍ ሰብራ እየጎተተች ወደኋላ ሮጠች፤ መንገዱ ላይ ዘርግታ ገና ዞር ስትል ባለመነጽሩ ከተፍ አለ። ብሮም ቢሆን የካፋ ልጅ ነውና ቅጠል ያውቃል፤ ፍሬን ያዘ። መኪናው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ስገፋ ከነበርኩበት ቦታ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሦስታችን ገፍተን መኪናዬን ከቦዩ አወጣነው፤ እኔ ውድድሩን ትቼ ወጣሁ፣ እነሱ ቀጠሉ። ስፒከሩ ከጨረሱት እሷን መጨረሻ ወጣች አለ። ባለመነጽሩ ሰዓቴን አበላሸችብኝ ብሎ ይነጫነጫል። ባለቤቱ ከሕዝቡ ጋር ስለነበር ምንም አላየም። ወደኔ መጥቶ «እውነትህን ነው ለካ፣ ፈሪ ናት» አለኝ።

ዝም ብል ባለቤቱ አያውቅብኝም ነበር። እሷም ራቅ ብላ ቆማለች። ሃያ ዓመት ያካበትኩት ስሜ አንደበቴ ላይ ከበደኝ።

«አዎ፣ ፈሪ ናት» አልኩት። «እኔ ደፋሩ ግን ዛሬ እናቴን ላስለቅሳት ነበር። ቦይ ገብቼ መንገድ ስዘጋ የጣለችልኝ ቅጠል እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው፣ ሄደህ እየው። እየውና ቅጠራት።»

ሄዶ አየ፤ ቀጠራትም። የመጀመሪያ ቀን ስታስተምር ከክፍሉ ውጭ ቆሜ ሰማኋት። «መኪና መንገድ ላይ ከቆመባችሁ ቅጠል ጣሉ» አለቻቸው። ይህን የተማረችው ከኔ ነው። «ብታፍሩም ጣሉ» የሚለውን ግን ራሷ ጨምራበታለች።