ልቤ ከሃምሳ በታች ያመጣ ጊዜ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው በሽታዬ ስለከበደ አይደለም። አንድ የተማሩ ሰው ልቤን እንደ ፈተና ወረቀት አርመው ሊገድሉኝ ምንም ስላልቀራቸው ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በልጅነቴ የተመላለሰብኝ ቶንሲል የልቤን በር አበላሽቶት ኖሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ በብረት ቫልቭ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ የደም ማቅጠኛ ኪኒን በየቀኑ እውጣለሁ፤ በየጊዜውም የልብ አልትራሳውንድ እነሳለሁ። ወረቀቱ ላይ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከመቶ ስንት እጁን እንደሚገፋ የሚናገር ቁጥር አለ። አዲስ አበባ ሃምሳ አምስት ተጻፈልኝ። አምና ደሴ ስነሳ አርባ ስምንት ሆነ። ያነሳኝ ባለሙያ ሐኪሟ ታስረዳሻለች ብሎ ለሳምንቱ ቀጠረኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጋሼ እንድሪስ ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ። እንግሊዝኛ ያነባሉ ተብሎ ሰዉ የሐኪም ወረቀቱንም የፍርድ ቤት ወረቀቱንም እሳቸው ዘንድ ይዞ ይሄዳል። እሳቸውም አላውቅም ማለትን አያውቁም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው አርባ ስምንቷን ከበቧት። ወላሂ፣ ቀይ እስክሪብቶ። ሰውየው ጡረታ ወጡ እንጂ እስክሪብቶው ከኪሳቸው አልወጣም።

"ከሃምሳ በታች ነው" አሉ። "ወድቋል።"

ቀጥሎ ደግሞ የወደቀበትን ምክንያት ፈለጉ። ኪኒኑን አንስተው አገላበጡት። ወጥ ሲቀጥን እንደሚፈሰው ሁሉ ደሜም ቀጥኖ ልቤ የሚገፋው ነገር አጣ ብለው ፈረዱ። ባለቤቴ ሐኪሞቹ አታቋርጪ ብለዋታል ብሎ ሊከራከር ሲሞክር፣ "ስሙ ራሱ ማቅጠኛ አይደል እንዴ?" አሉት። ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ክርክሩን ተወ።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ መውደቄን ሰማ። ጎረቤቱ እየመጣ አብሽሪ ይለኝ ጀመር። አብሽሪ፣ አይዞሽ እንደ ማለት፣ እኛ ዘንድ ለራስ ምታትም ይባላል፤ ያን ሰሞን የሰማሁት ግን የለቅሶ ቤቱን ነው። አንዷ እንዲያውም ልጆቼን እያየች እንባዋን ጠረገች።

እኔስ? ኪኒኑን ተውኩት። ደሜ እንዲወፍር ገንፎ በቅቤ ይቀርብልኝ ነበር፤ እኔም እበላ ነበር። ስድስት ቀን።

በቀጠሮዬ ደሴ ስሄድ ሐኪሟ፣ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት፣ ኪኒኑን በደንብ ትወስጃለሽ ወይ አለችኝ። ስድስት ቀኔ ነው ካቆምኩት አልኳት። ከወንበሯ ብድግ አለች። ያኔውኑ ደም አስቀዳችኝ፤ ራሷ አልጋ ላይ አስተኝታ በአልትራሳውንዱ ልቤን ታይ ጀመር። እኔ ፊቷን ፊቷን አያለሁ።

"ደምሽ አልረጋም፤ አላህ ነው ያተረፈሽ" አለች በመጨረሻ። "ማቅጠኛ የምንለው ደምሽን ውሃ ስለሚያደርገው አይደለም። ብረቱ ላይ እንዳይረጋ ነው። ቢረጋ ኖሮ ወይ ቫልቭሽ ይያዝ ነበር፣ ወይ ወደ ጭንቅላትሽ ይሄድ ነበር።"

ስለ አርባ ስምንቱ ጠየቅኋት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና እዚያው ሦስት ጊዜ ለካችው። ሃምሳ ሦስት። አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ። የልብን ጠርዝ በእጇ ነው የምታሰምረው፤ እጅ ሲለወጥ፣ ማሽን ሲለወጥ፣ ትንፋሽ እንኳ ሲለወጥ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቫልቩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዳገት ስወጣ እንደሚደክመኝና እንደማይደክመኝ፣ ቁጥሩም በብዙ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ አብሮ ይታያል አለችኝ። የጤነኛ ሰውም ቢሆን ከስልሳዎቹ ብዙ አይርቅም፤ መቶ የሚያመጣ ልብ የለም። ኪኒኑን እዚያው አስጀመረችኝ።

ቤት ስገባ ጋሼ እንድሪስ ከጠያቂዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የመርጋቱንም ነገር፣ ለጥቂት መትረፌንም። የሰሙት ግን ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ ሦስቱን ደመሩ፤ ለሦስት አካፈሉ።

"አማካዩ ሃምሳ አንድ ነው" አሉ። "አልፋለች።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ተነስቼ ውሃ ቀዳሁና ኪኒኔን በፊታቸው ዋጥኩ።

"ካለፍሽ ወዲያ ይኼ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ።

ዛሬም ሲመጡ ተነስቼ ወንበር እለቅላቸዋለሁ፤ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን እንደናቅኋቸው አለሁ። ራሴንም አልማርኩም። ስድስት ቀን ሙሉ የልጆቼን እናት ለእኚህ ሰው እስክሪብቶ ሰጥቼ ገንፎ እበላ ነበር።