ለፍሪዘር የተጠቀጠቀ ዘይቱን

ቡታጅራ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አጥሩን ተጠግቶ አባቴ በሕይወት ሳለ የተከለው የዘይቱን ዛፍ ነበረ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ከአጥሩ ጋር እንደሚነሳ ተነገረን። በማግስቱ ጠዋት እናቴን ሰፌድ ይዛ ዛፉ ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ያለውን ሁሉ አውርድልኝ» አለችኝ። «ጣዕሙ እንኳን ይቅርልን።»

ማርማላታ መሥራት የተማርኩት ከስልኬ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ስኳሩን ቀነስኩት፤ ስኳሩ ያነሰ ማርማላታ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይከርምም፣ ፍሪዘር ይፈልጋል። ፍሬውን ቀቅዬ በወንፊት አሸሁት፤ ጠጠር የመሰለው ዘር ከላይ ቀረ፣ ሮዝ የሆነው ውስጡ ወረደ። ሎሚ ጨምቄበት ለዘብ ባለ እሳት ላይ ጣድኩት። ውጭ ያካፋል። እንፋሎቱ ኩሽናውን ሲሞላው ግድግዳው ራሱ የራቀ መሰለኝ። አባቴ ከውጭ ሲገባ ኮቱ እንዲህ ይሸት ነበር፤ ኪሱ ዘይቱን አያጣም። እናቴ በርጩማዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። እሷም ኮቱን ያሰበች መሰለኝ።

አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጌ መሐሉን በጣቴ ከፈልኩት። መልሶ አልገጠመም፤ ደርሷል። ስድስት የማር ጠርሙሶችን ከአፋቸው ሁለት ጣት አጉድዬ ሞላሁና ለዙህር ሰላት ወጣሁ።

ስመለስ ሁሉም እስከ አፋቸው ሞልተዋል። እናቴ ድስት ውስጥ የቀረውን ጨምራ በማንኪያ ጀርባ ትጠቀጥቃለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጎዶሎ ትተኸው ሄድክ እኮ። አየር ከገባው ይበላሻል።»

«ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ቦታ ይፈልጋል።»

«አይ የስልክ ተማሪ! ዕድሜዬን ሙሉ ቆጮ የቀበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? በኮባ ሸፍነህ፣ በእግርህ ረግጠህ፣ ድንጋይ ካልጫንክበት ምን ይተርፍሃል?»

ሳቀች። የዛፉን ወሬ ከሰማን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ጠርሙስ የቆጮ ጉድጓድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ መቀነስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እንደሞሉ ክዳኖቹን አጠበቅኩና ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኳቸው።

ዛፉ በሦስተኛው ቀን ተቆረጠ። ሠራተኞቹ ሲሄዱ እናቴ «አንዱን አውጣልን» አለችኝ። ፍሪዘሩን ስከፍት አምስቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል፤ ስብርባሪው ከሮዙ በረዶ ጋር ተጣብቋል። ስድስተኛው ደህና ነበር። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፦ ላዩ ላይ የማንኪያ ጉድጓድ አለ።

«እሱን አንተ ከደረደርከው በኋላ፣ ሳይቀዘቅዝ ቀምሼው ነው» አለች፣ ወደ በሩ እያየች።

የተሰነጠቁትን ጠቅልዬ ጣልኩ። ደህናውን ግን ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ለማን ነው የምታስቀምጠው? ዳቦ አምጣ።»

ዳቦውን ቆራርሼ አቀረብኩ። ማንኪያው በረዶውን አልበሳ አለ። እናቴ ጠርሙሱን ተቀብላ፣ በረዶው እስኪለቅ ድረስ በሁለት መዳፏ አቅፋው ተቀመጠች።