ክንዴ የቻላት ግጥም

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ ግጥሙን ለሰው ማሰማት ለሚፈልግ እንደኔ ላለ ልጅ መድረኩ አንድ ነበር፤ የቀበሌው የኪነት ቡድን። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ያየሁትን እየጻፍኩ በራሴ ተማርኩ። የቡድኑ ኃላፊ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ነበሩ። ወረቀቴን አንብበው መለሱልኝ።

«ስለ አባ ኮዳ? ለአብዮት በዓል ስለ ወፍ?»

«ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎቹ አጠገብ ቆሞ ሁሌ የማየው እሱን ነው፣ ጓድ።»

«ግጥም ሞልቶናል። አንተ ክብደት ታነሳ የለም እንዴ? በዘፈኖቹ መሀል እየወጣህ አንሳ።»

ቤት ሳልደርስ ወሰንኩ። አነሳለሁ፤ ብረቱ ከራሴ በላይ ሳለ ግን ግጥሜን እላለሁ። ያን ጊዜ ማን መጥቶ አፌን ይዘጋል?

ብረታችን የተጣለ የመኪና አክስል ነበር፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የሞላንባቸው የእርዳታ ዘይት ጣሳዎች ነበሩ። ግጥሙ ስምንት መስመር ነው። ብረቱን ወደ ላይ ዘርግቼ ስጀምር ሦስተኛው ላይ ክንዴ ይከዳኛል። በማግስቱ ደግሞ ማበጠሪያ እንኳ ወደ ጸጉሬ ማድረስ ያቅተኛል። በዓሉ እየቀረበ ነው፤ በየቀኑ ካልተለማመድኩ አይሳካልኝም።

አብሮኝ የሚያነሳው ጓደኛዬ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎሚስታ ነበር። ስፖርተኛ ከነበረ ወታደር የሰማውን ነገረኝ። ከከባድ ብረት በኋላ ክንድን ከላይ በኩል ማሰር፣ ባዶ እጅን ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት፣ ከዚያ መፍታት። ታግዶ የቆየው ደም ሲለቀቅ ድካሙን ይዞት ይሄዳል አለኝ።

ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ አሰረኝ። እሱ የሚያውቀው ማሰር ግን አየር እንዳያመልጥ አድርጎ ማሰር ነው። ጣቶቼ ጠቆሩ፤ ወዲያው ደነዘዙ።

«ፍታው! ፍታው አንተ!»

የጎማ አየር እንደሚያይ ሰው ክንዴን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ገና ይይዛል።»

«እኔ ጎማ ነኝ?»

«ጎማማ ብትሆን መች ትጮህ ነበር፣ ገጣሚው!»

ሲፈታልኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። እስኪመሽ ድረስ እርሳስ መጨበጥ አልቻልኩም። ጓደኛዬም ደንግጦ «በቃ ተወው» አለኝ። አልተውኩትም። በማግስቱ ማሰሪያውን ከእጁ ተቀብዬ፣ ጣት ከሥሩ እንዲገባ አላልቼ ራሴ አሰርኩት። ክንዴ ሞላ፣ ቀላ፣ አቃጠለኝ፤ ጣቶቼ ግን አልደነዘዙም። ስፈታው ሙቀቱ እስከ ጥፍሬ ወረደ። ጠዋት ጸጉሬን አበጠርኩ።

የረዳኝ ጎማው ይሁን፣ ወይስ መቀመጥ የማላውቀው ሰው በእሱ ታስሬ ትንሽ መቀመጤ ይሁን፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ልምምዱን ሳላቋርጥ ገፋሁበት። ክንዴ ቢበረታም ስምንቱን መስመር አልቻለም። ስለዚህ ግጥሙን መቁረጥ ያዝኩ። መጀመሪያ የሐይቁ ውበት ወጣ፤ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ ስለ ውበት ማውራት አይመችም። ከዚያ ጀምበሯ ወጣች። ሁለት መስመር ቀረ። የቀረው ከወጣው ሁሉ ይሻል ነበር።

የበዓሉ ዕለት፣ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ ብረቱን ከራሴ በላይ ዘረጋሁት። ጭብጨባው በረድ ሲል ጀመርኩ፦

ዓሣ አስጋሪው ሄዶ አባ ኮዳ ቀረ፣
መረቡን ሳይነካ ዓሣ እየቆጠረ።

መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጡት፣ ዓሣቸውን ሹም የሚቆጥርባቸው ዓሣ አስጋሪዎች ሳቁ፤ ሳቁም እየሰፋ እስከ ፊት ወንበር መጣ። ኃላፊው ከመጋረጃው አጠገብ ሆነው «አውርድ! አውርድ!» እያሉ በእጃቸው ያሳዩኛል። የተለማመድኩት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ድገመው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ ተቀበለው፤ «ድገመው!»

ጓደኛዬ ከዳር ሆኖ ጮኸ፤ «ገና ይይዛል!»

ትንፋሼን ሳብኩና፣ ብረቱን እንደያዝኩ ደገምኩት።