ሁለተኛው ጉርሻ

ሪያድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የአሠሪዬ ትልቋ ልጅ ጨጓራዋ ተቆርጦ ተቀነሰላትና፣ እኔ የግድግዳ ሰዓት ጠባቂ ሆኜ አረፍኩት። በየዐሥር ደቂቃው አንድ ማንኪያ የጠለለ መረቅ፣ ከዚያ ሁለት ጉንጭ ውኃ፣ ከዚያ እንደገና መጠበቅ። እኔ ደግሞ እናቴ «ቀዥቃዣ» እያለች ያሳደገችኝ ነኝ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከልብስ መተኮስ፣ ከምንጣፍ ማጠብ፣ ከሁሉም ሥራ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር። አንዱን ማንኪያ አጉርሼ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷን መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ቀንቼባት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ የሞላ፣ ክንዷ የወፈረ። «ደልቷታል!» አልኩ በልቤ። በኛ በወሎ «ወፈርሽ» ማለት «አማረብሽ» ማለት ነው፤ ሰው የሚደነግጠው «ከሳሽ» ሲባል ነው። ቤቱ ውስጥ ስከርም ግን ድሎቱ የቱ ጋ እንዳለ ጠፋኝ። ደረጃው መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ስትተኛ ትንፋሿ ቁርጥ ስለሚል፣ አየር የሚነፋ መሣሪያ አፍንጫዋ ላይ አስራ ነው የምታድረው። ጉልበቷን ያማታል፤ ስኳሯ ከፍ ብሏል፤ የአያቶች በሽታ የምለው ደም ግፊትም በዚያ ዕድሜዋ ጀምሯታል።

አክስቶቿ በመጡ ቁጥር «አፏን ብትይዝ ኖሮ» ይላሉ። እኔም በሆዴ እላለሁ። አፏን ስትይዝ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ወር ሙሉ በዱባና በሰላጣ ኖራ፣ ግቢውን እየዞረች በእግሯ ሄዳ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። ከዚያ የቀነሰችው ሁሉ ሌላ ጨምሮ ተመለሰባት። ያን ጊዜ ሦስት ቀን በሯን ዘግታ አለቀሰች።

ሐኪሙ ጋ አብሬ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእናቷ ለማዳም ሲያስረዳ ቆሜ ሰማሁት፤ ዐረብኛውን ያኔ ለምጄዋለሁ። «ይህ በሽታ ነው፤ የስንፍና ጉዳይ አይደለም» አላት። «ምግብ ስትቀንስ ሰውነቷ ረኀብ የገባ ይመስለዋል። ረኀቧን ይጨምርባታል፤ ያላትንም ቆጥቦ ይይዛል።» ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን ያግዛታል እንጂ ሁሉን አይጨርስላትም፤ አበላሏን ማስተካከል፣ በእግር መሄድ፣ ክትትሉም ዕድሜ ልክ ነው አለ። ከሁሉም በላይ ያስጠነቀቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ነበር። ስፌቱ እስኪጠና ከፈሳሽ በቀር ምንም እንዳይገባ። አዲስ የተሰፋ ከረጢት እህል አይሞሉበትም፤ ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ገብቶኝ ነበር። ወላሂ ገብቶኝ ነበር።

ከሆስፒታል በተመለሰች በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጠያቂዎች ቤቱን ሞሉት። እኔ ታች ሩዝና የበግ ሥጋ እየሠራሁ፣ ማዳም ሳሎን እንግዳ እያስተናገደች። ሰዓቱ ሲደርስ መረቁን ይዤ ወጣሁ። ልጅቷ ማንኪያውን አላየችውም፤ የኔን ልብስ ነው ያሸተተችው።

«ሸተተኝ» አለች።

እዚህ ላይ አገሬ መጣችብኝ። በኛ ዘንድ ሽታው የደረሰውን ሰው ሳያቀምሱ ማለፍ ነውር ነው፤ ያውም ነፍሰ ጡር ወይም ታማሚ ከሆነ። አምሮት ይጎዳል እየተባለ ነው ያደግኩት። ጎረቤታችን ዶሮ ስትሠራ፣ አልጋ ላይ ለዋሉት አያቴ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም።

«አይሆንም፤ ሐኪሙ ከልክሏል» አልኳት።

«እርቦኝ አይደለም» አለች። «ማኘክ ነው የናፈቀኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ ነገር ላኝክ።» ትልቅ ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ወርጄ ሩዙን ከሥጋው ጋር ጠቅለል አድርጌ፣ በመሐረብ ሸፍኜ አመጣሁ። አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አኘከችው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። «በሞቴ» አልኳት በአማርኛ። ቃሉን አታውቀውም፤ አፏን ከፈተችልኝ።

እንግዶቹ ሳይወጡ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ሆዷን፣ ቀጥሎ ግራ ትከሻዋን ወጋት። ላቧ ይወርዳል፣ ልቧ ይሮጣል። ሾፌሩ ከማዳም ጋር ሆስፒታል እስኪያደርሰን ድረስ የያዝኩትን እጇን አልለቀቅኩም።

ሐኪሙ ሆዷን እየነካ «ጠጣር ነገር ቀምሰሻል?» ብሎ ጠየቃት።

ልጅቷ አየችኝ። «አልቀመስኩም» አለች።

ለኔ ብላ ዋሸች። እናቷ ብትሰማ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ አስመትታ በመጀመሪያው አውሮፕላን እንደምትሰደኝ ታውቃለች። ያን ሰሞን ደግሞ ባጥሐ፣ ጉበይራ፣ በየሰፈሩ የኛ ሰው በፖሊስ ታፍሶ ወደ አገር ሲጫን ከርሟል፤ ይዞ የሄደውን ሻንጣ እንኳ ይዞ የተመለሰ ጥቂት ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ያቺ ልጅ ግን እስኪያድር የምትቆይልኝ አልመሰለኝም።

«እኔ አጉርሻታለሁ» አልኩ። «ሩዝና ሥጋ። ሁለት ጉርሻ።»

ማዳም ወደኔ ዞረች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልመጣም። ስገልጠው ማዳም የምታየው እኔን ሳይሆን ወለሉን ነው።

«እኔም» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ተምር ሰጥቻታለሁ። ትናንትም እንደዚሁ። አልቅሳብኝ እኮ ነው።»

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየን። ነርሷን ጠርቶ በአፏ ምንም እንዳይገባ አዘዘ፤ ወዲያው ወደ ምርመራ ወሰዷት። ስፌቱ በአንድ በኩል ፈሳሽ ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። ቶሎ በመታወቁ ዳግም መቅደድ ሳያስፈልግ ከሆዷ ፈሳሹን የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት፣ ምግቧም መድኃኒቷም በደም ሥር ሆነ።

ማዳም አራት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ቤት ተመልሼ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ ወለል እየወለወልኩ፣ የወለወልኩትን መልሼ እየወለወልኩ ጠበቅኩ። በአምስተኛው ቀን ሾፌሩ መጥቶ «ያላ፣ ተነሺ፤ ማዳም አምጣት ብላለች» አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ። የዑለያ ሰፈርን ሕንፃዎች አልፈን ስንሄድ መንገዱ ወደ ኤርፖርት ይሁን ወደ ሌላ መለየት አቃተኝ፤ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

የቆመው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።

ማዳም በኮሪደሩ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። ሻንጣዬን አይታ «ይህን ደግሞ ለምን አመጣሽው?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ክፍሉ ይዛኝ ገባች። ልጅቷ ተጋድማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ቱቦው ከጎኗ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ደም እንዳይረጋባት በየሰዓቱ ተራመጂ ብሏታል፤ እሷ ግን ካለኔ አልነሣም ብላ ነው የተጠራሁት።

ሳያት ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ለቅሶ ቀደመኝ። ማዳምም ከጎኔ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ ሁለታችንን በየተራ አየችን፤ በጣም የደከማት ሰው አስተያየት ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች። «እስከ ዛሬ ባለቀስኩ ቁጥር አጎረሳችሁኝ። አሁን እጃችሁን ስጡኝና አስነሡኝ።»

ማዳም በቀኝ፣ እኔ በግራ ያዝናት። እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አርፈን ደረስን።